የመጻሕፍት ዘበኛ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ስለ ሙያ ምርጫ የቀረበ)



የንግግሩ ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት አስጠርቶ «አንተ ወደ ዩኒቬርሲቲ ከመግባትህ በፊት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርተሃልና፥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ከመምረጣቸው አስቀድሞ ስለ ሙያ ምርጫ ንገራቸው» ባለኝ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እምቢ ማለት ነበረ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ብቻ ልበል፤ ከእኔ በፊት በዚህ ስፍራ የቆሙት ስለ ሕክምና፥ ስለ ሕግና ስለ ምሕንድስና ሲናገሩ ያጨበጨባችሁትን ያህል ለእኔ እንደማታጨበጭቡ ዐውቄ ነው የመጣሁት።

ነገሩን ከውድቀቴ ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከነበሩት አንዱ ነኝ። ፈተናው ዘግይቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቬርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። እኔ ከቀሩት መካከል ነበርሁ። «የወደቀው ብዙ ስለ ሆነ ሀፍረቱም ለብዙ ተካፍሎ ይቀልላል» የሚል ሰው ካለ፥ ሀፍረት እንደ ድግስ እንጀራ በሰው ብዛት አያንስም ብዬ እመልስለታለሁ። ለአቅም ማሻሻያው ትምህርት የሚያበቃ ነጥብም አልነበረኝም። ከዚህም የተነሣ፥ የተማርሁበት በአዲስ አበባ ዳር ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በጡረታ ሲገለሉ ጊዜያዊ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄጄ በኮንትራት ተቀጠርሁ። የተጠየቅሁት ችሎታ ማንበብና መጻፍ፥ እንዲሁም ዋስ ማቅረብ ነበረ። ከሁለቱ ጥብቅ ሆኖ የተመረመረው ዋሱ ነው።

በጡረታ የተገለሉትን ሰው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ስለ ነበረ ዛሬም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ርክክባችን 9 ቀን ፈጀ። እሳቸው ከመዝገቡ ላይ ቁጥር ይጠራሉ፥ እኔ ከመደርደሪያው ፈልጌ «አለ» እላለሁ። በመጨረሻ «አለ» ያላልሁባቸው 6 መጻሕፍት ተገኙ። ጋሼ የስድስቱን ዋጋ ከኪሳቸው ከፍለው ክሊራንሳቸውን አስፈረሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ከሥራው ሲወጣ የተደረገለት ሽኝት ይኸው ነበረ። ቁልፉን በእጄ ላይ ሲያኖሩ «ልጄ፥ ከቤት ያልወጣ መጽሐፍ አይጠፋም» አሉኝ።

ያን ቀን ይህ ንግግር ታላቅ ምክር መሰለኝ። ቤተ መጻሕፍቱም በዚያ ምክር የተሠራ ቤት ነበረ። ቀድሞ የመማሪያ ክፍል የነበረ ነው፤ በመካከሉ የሽቦ ወንፊት ተወጥሮበታል፤ መጻሕፍቱ ከወንፊቱ በስተ ጀርባ፥ ተማሪው በስተ ፊት። ተማሪው በመስኮቲቱ በኩል መታወቂያውን አስይዞ የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። የመጽሐፉን ስም የማያውቅ ተማሪ መጽሐፍ አያገኝም። የመጽሐፉን ስም እንዴት ያውቃል ቢባል፥ አይቶት ቢሆን ነበር፤ እንዳያየው ደግሞ ወንፊቱ አለ።

ይህንን ስል በጋሼ ለመቀለድ አይደለም። በመንግሥት አሠራር መጽሐፍ ንብረት ነው። በሞዴል 19 ይገባል፥ በሞዴል 22 ይወጣል፤ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በአንድ ሰው ስም ይያዛል፤ ከጠፋም ያ ሰው ይጠየቃል። ዳሩ ግን ወንበርን ተማሪ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ተሰረቀ ይባላል፤ መጽሐፍን ግን ተማሪ ይዞት ወደ ቤቱ ካልሄደ መጽሐፉ ሥራውን አልሠራም። ሁለቱን በአንድ ደንብ የሚያስተዳድር አሠራር እቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው፥ ቢወድም ባይወድም፥ ዘበኛ ይሆናል። መጽሐፉ ባልተነካ ቁጥር ደመወዙ ሰላም ያገኛልና።

የመጠበቁም ልማድ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍን በዕቃ ቤት ያኖሩት በንፉግነት አልነበረም። ለአንድ የብራና መጽሐፍ ቆዳው ተፍቆ፥ ቀለሙ ተበጥብጦ፥ ጸሐፊው ወራት ተቀምጦበታል፤ በደብሩ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከጠፋ ጠፋ ነው። የጠበቁት እጆች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ስለ ታሪካችን የምንመራመርበት ብዙው ነገር ባልተገኘ። በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሲከፈትም መጠበቅ አንዱ ተግባሩ ነበረ፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን በብዙ ሺህ የታተመውን የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ እንደ ብራና ድርሳን መጠበቅ ምን ይሉታል?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ይህ ሥራ አቧራ ማራገፍ እንደ ሆነ ታስባላችሁ፤ እኔም አስብ ነበር። መጻሕፍቱ የተደረደሩት አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የአከፋፈል ዘዴ መሠረት ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። ዘዴው ዕውቀትን ሁሉ በ10 ታላላቅ ክፍሎች ይመድባል፤ እያንዳንዱንም እንደገና በአሥር በአሥር እየከፈለ ይወርዳል። ቁጥሮቹን እየተመለከትሁ ስማር አንድ ነገር አስገረመኝ። የእንግሊዝኛ ቴያትር ቁጥሩ 822 ነው፤ ሦስት አኃዝ፥ በቃ። የእኛ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ግን «ሌሎች ቋንቋዎች» ከተባለው ሰፈር ገብቶ፥ ከነጥብ በኋላ ተፈልጎ፥ 892.87 ሆኖ ይገኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በገዛ አገሩ መደርደሪያ ላይ በጀርባው የሚለጠፍበት ቁጥር ከእንግዳው ይረዝማል። ይህ ሰውየው በክፋት ያደረገው ነው አልልም፤ ከተቀመጠበት ወንበር ሆኖ የሚታየውን ዓለም ነው የከፋፈለው። ነገር ግን አንድ ልጅ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ የአገሩን መጽሐፍ ከሁሉ በኋላ፥ ከማዕዘን ውስጥ ቢያገኘው፥ ያ ልጅ ከመጽሐፉ በፊት አንድ ነገር አንብቧል።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነበረው። በእርዳታ ከተገኘ አንድ የኮምፒዩተር ዝርዝር ላይ የኛ ደራስያን ሁሉ በአባታቸው ስም ተገልብጠው ተጽፈዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፥ ሐዲስ» ሆነዋል። እኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አይደለም፤ ሰውየው ሐዲስ ነው። በዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ልማድም የኢትዮጵያ ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም መሆኑን ያወቅሁት ግን እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያረምሁት በሙያ ሳይሆን በንዴት ነበረ።

ከሁሉ ያደከመኝ የፊደላችን ነገር ነው። ከአሮጌ ካርቶን እየቆረጥሁ የመጻሕፍት ካርድ አዘጋጀሁ፤ በፊደል ተራ ደረደርሁት፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጥታ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ቴያትር ጠየቀች፤ ካርዱን ፈልጊው አልኋት፤ ፈልጋ «የለም» አለች። ነበረ እንጂ። እኔ በ«ጸ» ጽፌዋለሁ፥ እሷ በ«ፀ» ፈልጋለች። እንግዲህ ሀ እና ሐ እና ኀ፥ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀ ባሉበት አገር በፊደል ተራ መደርደር ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ሌሊት አሰብሁበት። በመጨረሻ በያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል ራስ ላይ አንድ ባለ ቀይ ቀለም ካርድ አስገባሁ፤ «እዚህ ብታጣው እዚያ ፈልገው» የሚል። እዚህ የመጻሕፍት ምዝገባ ትምህርት ስንማር መምህራችን ስለ «ይመልከቱ» ካርድ ሲያስረዱ፥ እኔ በካርቶን የሠራሁት ነገር በመጻሕፍት ላይ የተጻፈለት ሙያ እንደ ሆነ ዐወቅሁ። ከክፍሉ ወጥቼ ጥቂት ጊዜ በበረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለምን እንደ ሆነ በሚገባ ልነግራችሁ አልችልም።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ወንፊቱን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን ከፈትሁ። ልጆቹ መጀመሪያ መጽሐፍ አልመረጡም፤ ዝም ብለው በመደርደሪያዎቹ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ እንደ ገበያ። ቀጥሎ መንካት ጀመሩ። ቀጥሎ መውሰድ። በአንድ መንፈቀ ዓመት 11 መጻሕፍት ጠፉ። ከነሱ 7ቱ ተመለሱ፤ አንደኛው ገጹ በምላጭ ተቆርጦ። የ4ቱ ዋጋ ከደመወዜ ተቈረጠ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ብደብቃችሁ ንግግሬ ውሸት ይሆናል፤ ወንፊቱን መልሼ ዘጋሁት። አንድ ወር ሙሉ ጋሼን ሆንሁ። «መጽሐፉን ባየው» ብሎ የሚለምን ልጅ ሲመጣ ደመወዜ ትዝ ይለኝ ነበር እንጂ ልጁ አይታየኝም ነበር። እንደገና የከፈትሁት አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት መጥታ «የሚጠፋውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ» ስላለችኝ ነው። ኋላ የከፈለችው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን ባትናገረው ኖሮ አልከፍትም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሙያ ማደግ ልናገር፤ ለዚህ ነው የተጠራሁትና። መምህር የሚወጣው መሰላል አለው፤ ጀማሪ መምህር፥ መለስተኛ መምህር፥ መምህር፥ ከፍተኛ መምህር፥ ተባባሪ መሪ መምህር፥ መሪ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፥ ማለትም ተሙማ፥ የሚባል መርሐ ግብርም አለው፤ በዓመት 60 ሰዓት ያህል ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ታስቦ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ መምህራን ስለ ተሙማ ሲናገሩ የሚያወሩት ስለ ፎርሙ ብዛት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ያን ፎርም ለመሙላት የተመኘሁ ሰው ነኝ። በነበርሁበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከጽሕፈት ቤቱና ከግምጃ ቤቱ ሠራተኞች ጋር የተቈጠረ ነው። መምህራኑ ለተሙማ ሲሰበሰቡ ልግባ ብዬ ብጠይቅ «መምህራኑ ስብሰባ ላይ ሳሉ ተማሪው የት ይሂድ? ቤተ መጻሕፍቱን ክፈት» ተባልሁ። መልሱ ትክክል ነበረ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

የገባሁት በጓሮ በር ነው። ያችው የእንግሊዝኛ መምህርት ለተሙማዋ ተግባራዊ ምርምር መሥራት ነበረባትና፥ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቢያነቡ ምን ይሆናል የሚለውን ጉዳይ መረጠች። እኔ የወሰዱትን መጽሐፍ እመዘግባለሁ፥ እሷ የሚጽፉትን ታርማለች። በዚያ ሥራ የተማርሁትን ያህል በየትኛውም ጊዜ አልተማርሁም። ለምሳሌ ያህል፥ ልጆቹ ቀጭን መጽሐፍ የሚመርጡት ከስንፍና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጨርሰው «ጨረስሁ» ማለት ይፈልጋሉ። ከዚያ ወዲያ ቀጫጭኖቹን በዓይን ትክክል፥ ከፊት አስቀመጥኋቸው። ምርምሩ ሲያልቅ የምስክር ወረቀቱ ለመምህርቷ ተሰጠ፤ የእኔ ስም በመጨረሻው ገጽ ምስጋና ላይ አለ። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ይዣለሁ።

በዚህ ሙያ ታሪክ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የምወደው ሕንዳዊውን ራንጋናታንን ነው፤ የምወደውም ሥራውን ሲጀምር ስለ ጠላው ነው። ሰውየው የሒሳብ መምህር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቬርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ወዲያው ሥራው ሰለቸው፤ ብቸኝነቱ አንገበገበው፤ ወደ ማስተማሬ መልሱኝ እያለ ይለምን ጀመር። አለቆቹም ወደ ለንደን ሄደህ ሙያውን አጥና፤ ስትመለስ አሁንም ከጠላኸው የሒሳብ መምህርነትህን ታገኛለህ አሉት። ለንደን ሄዶ ሲማር፥ ብዙ ቤተ መጻሕፍትም እየዞረ ሲመለከት፥ ነገሩ እንደ ሒሳብ የሚታሰብበት ነገር እንደ ሆነ ገባው። በአንድ መደብር ያየው የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ ዕውቀትን እንደ ዲዊ ከላይ ወደ ታች ከመከፋፈል ይልቅ ከክፍልፋዮቹ መገጣጠም እንደሚቻል አሳሰበው፤ ከዚያ የወጣውን የአመዳደብ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተመ። በ1931 ደግሞ የቤተ መጻሕፍትን ሥራ በአምስት ደንቦች የጠቀለለበትን መጽሐፍ አውጥቷል። የመጀመሪያው ደንብ መጽሐፍ የተሠራው ሰው እንዲገለገልበት ነው የሚለውን ሐሳብ የያዘ ነው። ይህን ያነበብሁ ጊዜ ጋሼና ሞዴል 19 ትዝ አሉኝ፤ ሳቅሁም፥ አዘንሁም።

ልብ በሉ፤ ራንጋናታንን የለወጠው ሥልጠና ነው። ሥራውን ውደደው ተብሎ አልተሰበከም፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንዲያይ ተላከ። በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ የምርምር ድርጅት እርዳታ ለአፍሪቃ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ተቋቁሟል፤ ዛሬ በልዩ ልዩ ዩኒቬርሲቲዎች የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ክፍል አለ፤ እኔም ከነዚህ በአንዱ እማራለሁ። ነገር ግን አብረውኝ ከሚማሩት መካከል የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ ያለ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ሐሳባቸው ባንክና ቴሌ ነው። አልፈርድባቸውም። መሰላል የሌለበት ግድግዳ ማን ይወጣል?

ውጭ አገር የተማረም ተመልሶ ሠርቶ አሳይቷል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአዋሳም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ወስደዋል። አህያዋ ሞዴል 22 መሙላቷን አልሰማሁም።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ሄደንም ተቀምጠናል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን የሄድነው የገዛ ሃንድአውታችንን በቦርሳ ይዘን፥ ለመቀመጫውና ለመብራቱ ነው። መደርደሪያ ላይ ወጥቶ መጽሐፍ መፈለግን ማንም አላስተማረንም። የሚያስተምረን ሰው መኖር የነበረበት በ9ኛ ክፍል ሳለን፥ በዚያ ወንፊት አጠገብ ነበረ።

አሁን በመጀመሪያ እምቢ ልል የነበርሁበትን ምክንያት ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በግል ተፈትኜ አለፍሁ፤ በ2017 ዓ.ም. እዚህ ገባሁ። የአንደኛ ዓመት ውጤቴን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሕግ ሊያስገባኝ ይችል ነበር። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሲወጣልኝ የመኝታ ቤት ጓደኞቼ «ምን ደረሰህ?» ሲሉኝ «ምን ላድርግ፥ ተመደብሁ» አልሁ። አጽናኑኝ፤ አንዱ ሻይ ጋበዘኝ። እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ስል። አልተመደብሁም። አንደኛ አድርጌ የሞላሁት እሱን ነው። ሻይ የጋበዘኝ ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጧል፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ለምን ዋሸሁ? መመደብ አያሳፍርም፤ መምረጥ ግን ያስጠይቃል። እናቴን እንኳ ልዋሻት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ዐይኔን አይታ «መርጠኸው ነው አይደል?» አለችኝ፤ ቀጥላም «አራት ዓመት ተምረህ እዚያው ክፍል ልትገባ?» አለች። እሷ ያን ክፍል የምታውቀው በወደቅሁበት ዓመት የገባሁበት ክፍል እንደ ሆነ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የተሟላ መልስ የለኝም። ትምህርቴን ስጨርስ በእርግጥ ትምህርት ቤት እገባለሁ ብዬ በፊታችሁ ልማል አልችልም፤ ደመወዙን ዐውቀዋለሁ፥ እናቴንም መርዳት አለብኝ። ልምል የምችለው ከእንግዲህ «ተመደብሁ» እንደማልል ነው።

ይህ ማኅበር ግን አቤቱታ ማቅረብ ይችላልና ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በተሙማ ይካተት። በዓመት ውስጥ በንባብ የሚያልቁና የሚጠፉ ጥቂት መጻሕፍት እንደ አገልግሎት ወጪ እንጂ እንደ ሠራተኛው ዕዳ አይቈጠሩ፤ ጠመኔ ሲያልቅ መምህሩ አይከፍልምና። የእኛም የትምህርት ክፍል ለተግባር ልምምድ ከሚልከን ስፍራዎች አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ይሁኑ። ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ቅርብ የሆነ ሥራ አለ። በዚህ ክረምት ለሁለት ሳምንት ወደዚያው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ አዲሱ ሠራተኛ ፈቅዷል፤ ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል፤ መዝገቡን በቃላቸው ያውቁታልና። የአማርኛ መጻሕፍቱን ከማዕዘኑ አውጥተን ከበሩ ፊት ለፊት ልንደረድር ነው፤ ካርዶቹም እንደገና ይጻፋሉ። ካርቶንና ሙጫ አለ። የጐደለን ፊደል አጣርቶ፥ ጸን ከፀ ለይቶ የሚጽፍ አራት ሰው ነው። አበል የለውም፤ ምሳ የትምህርት ቤቱ ክበብ ሽሮ ነው፥ መጥፎ አይደለም። ስም የሚመዘገበው ነገ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው።